ከብሪታንያ ጡረታ ወጥቶ አውሮፓ መኖር፦ የሕክምና ሽፋን ደረጃ በደረጃ

ለንደን ወይም ማንቸስተር ሲሠሩ ኖረው ስፔን፣ ፈረንሳይ ወይም ፖርቱጋል ሄደው ማረፍ የሚያምራቸው ብዙ ናቸው። ፀሐዩ አለ፣ ኑሮውም ይቀላል። አንዳንዱ ደግሞ ልጆቹ ጀርመን ወይም ስዊድን ስለሆኑ የልጅ ልጅ አጠገብ መሆን ይፈልጋል። የቤቱና የቪዛው ነገር ይታሰባል። የሕክምናው ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ጓዝ ከተጠቀለለ በኋላ ነው።

«ሠላሳ ዓመት ታክስ ከፍያለሁ፣ ኤንኤችኤስ የትም አይሄድብኝም» የሚሉ አሉ። ይሄ ስህተት ነው። ኤንኤችኤስ፣ ማለትም የብሪታንያ የመንግሥት ሕክምና አገልግሎት፣ የሚያየው አሁን የት እንደሚኖሩ ነው እንጂ ስንት ዓመት እንደከፈሉ አይደለም። ኑሮዎን ወደ ሌላ አገር ካዞሩ ነጻ የሆስፒታል ሕክምናው በመርህ ደረጃ ይቆማል። በምትኩ የሚሠራ ሌላ መንገድ አለ። መንገዱ ኤስ ዋን በሚባል ቅጽ ያልፋል፣ ቅጹም የሚሰጠው የብሪታንያ የመንግሥት ጡረታ ለሚቀበል ሰው ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የሚኖሩበት አገር እንደ ራሱ ሰው ያክምዎታል፣ ወጪውን ብሪታንያ ትሸፍናለች።

ይህን መመሪያ ራሳቸው ጡረተኞቹ ሊከተሉት ይችላሉ፤ ለእናት ለአባታቸው ቅጽ የሚሞሉ ልጆችም እንደዚሁ። ቀኑም ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ደረጃ 1፦ ኤስ ዋን ይገባኛል ወይ?

መጀመሪያ ስቴት ፔንሽን፣ ማለትም የብሪታንያን የመንግሥት ጡረታ፣ እየተቀበሉ መሆን አለብዎት። ዕድሜው እስካሁን 66 ነበር። ከ2026 እስከ 2028 ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ ወደ 67 ከፍ ይላል። ከመጋቢት 6 ቀን 1961 ጀምሮ እስከ ሚያዝያ 5 ቀን 1977 የተወለዱ ሰዎች 67 መሙላት አለባቸው። አዲሱን ስቴት ፔንሽን ለማግኘት በትንሹ የ10 ዓመት ናሽናል ኢንሹራንስ፣ ማለትም የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ፣ ያስፈልጋል። ለሙሉው ደግሞ ብዙውን ጊዜ 35 ዓመት ይጠየቃል። ለኤስ ዋን ግን ሙሉ ይሁን ግማሽ ለውጥ የለውም። በሳምንት 60 ፓውንድ ብቻ የሚደርሳቸው ሰውም ሙሉውን ከሚቀበሉት እኩል መብት አላቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የመሥሪያ ቤት ጡረታ አይቆጠርም። ለምሳሌ ኤንኤችኤስ ውስጥ ነርስ ሆነው ዕድሜያቸውን የጨረሱ እናት በ60 ዓመታቸው የመሥሪያ ቤቱን ፔንሽን መውሰድ ሊጀምሩ ይችላሉ። ወሩን ጠብቆ ገንዘብ ይገባላቸዋል፣ ደብዳቤውም «ፔንሽን» ይላል። ግን ስቴት ፔንሽን አይደለም። ኤስ ዋን የሚያገኙት ስቴት ፔንሽኑ ሲጀምር ነው። የግል ፔንሽንም ያው ነው።

ሌላው ማዘግየት ነው። ስቴት ፔንሽንን ሳይወስዱ ቢቆዩ በኋላ ከፍ ብሎ ይከፈላል። ብሪታንያ ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህ ጥሩ ስሌት ሊሆን ይችላል። አውሮፓ ለሚኖር ግን ጡረታውን እየተቀበሉ ስላልሆነ ኤስ ዋኑም አብሮ ይዘገያል። የግል ኢንሹራንስ ከኪስ እየከፈሉ ፔንሽን ማዘግየት ለአብዛኛው ሰው አያዋጣም ባይ ነኝ።

ፓስፖርትስ? ኤስ ዋን ከፓስፖርቱ ቀለም ይልቅ ጡረታውን ነው የሚከተለው። በብሪታንያና በአውሮፓ ኅብረት መካከል ከ2021 ጀምሮ የሚሠራው ስምምነት በዚህ ጉዳይ ዜግነትን መስፈርት አላደረገም። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ተወልደው ብሪታንያ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው፣ በሄዱበት አገር ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ እስካላቸው ድረስ መብቱ አላቸው። ኖርዌይ፣ አይስላንድና ሊክተንስታይን ከ2024 ጀምሮ በራሳቸው ስምምነት ገብተዋል። ስዊዘርላንድም የራሷ ስምምነት አላት።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚቆም አንድ ደንብ አለ፦ የሚኖሩበት አገር ራሱ የመንግሥት ጡረታ የሚከፍልዎ ከሆነ፣ የሕክምናዎ ኃላፊ ያ አገር ነው። ብሪታንያ ኤስ ዋን አትሰጥም። ይህ የእኛን ሰው በደንብ ይነካል። መጀመሪያ ኔዘርላንድ ገብቶ ጥቂት ዓመት ኖሮ፣ ዜግነት አግኝቶ ከዚያ ወደ ለንደን የተሻገረ ሰው አለ። የኔዘርላንድ የእርጅና ጡረታ፣ አኦቬ የሚባለው፣ እዚያ በኖሩበት ዓመት ልክ 2 በመቶ በ2 በመቶ ይጠራቀማል። ስለዚህ ስምንት ዓመት ብቻ የኖረም ትንሽ ጡረታ አለው። ያ ሰው ጡረታ ወጥቶ ወደ ኔዘርላንድ ቢመለስ በኔዘርላንድ ሕግ የጤና ኢንሹራንስ ገዝቶ በየወሩ መክፈል ሊኖርበት ነው። ያው ሰው ስፔን ቢሄድ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ስፔን ጡረታ አትከፍለውም፣ ከብሪታንያና ከኔዘርላንድ ረዘም ላለ ጊዜ የተዋጣበት አገር ወጪውን ይሸከማል። ከአንድ በላይ አገር ሠርተው ከሆነ ቤት ከመግዛትዎ በፊት ይህን ይጠይቁ።

ደረጃ 2፦ ጡረታ ዕድሜዎ ገና ከሆነ ክፍተቱን ይሙሉ

በ58 ወይም በ60 ዓመታቸው ሥራ ትተው የሚሄዱ ሰዎች በጣም መጠንቀቅ አለባቸው። ድሮ በናሽናል ኢንሹራንስ ክፍያቸው መሠረት ለተወሰነ ጊዜ ኤስ ዋን የሚያገኙበት ዕድል ነበር። በ2014 ቀርቷል። አሁን ስቴት ፔንሽን እስኪጀምር ድረስ ሽፋኑን ራስዎ ያመጣሉ።

ስፔን ለመኖር የሚያመለክት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ሥራ የማይፈቅደውን የመኖሪያ ቪዛ ነው። ለዚያ በወር 2,400 ዩሮ፣ ለእያንዳንዱ አብሮ ለሚሄድ ቤተሰብ ተጨማሪ 600 ዩሮ ገቢ ማሳየት ሲጠየቅ ቆይቷል። በዚያ ላይ የግል የጤና ኢንሹራንስ ይፈለጋል። ኢንሹራንሱ ስፔን ውስጥ እንዲሠራ የተፈቀደለት፣ ሕመምተኛው ሲታከም ድርሻ የማይከፍልበትና የመጠበቂያ ጊዜ የሌለው መሆን አለበት። የጉዞ ኢንሹራንስ ለዚህ አይሆንም። ኤስ ዋን ያለው ጡረተኛ ግን ቅጹን በኢንሹራንሱ ምትክ ማቅረብ ይችል እንደሆነ ቆንስላውን አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠይቅ። ከተቀበሉት ብዙ ገንዘብ ይቆጥባል።

የግል ኢንሹራንስ ሲገዙ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የልብ ችግር ካለብዎ አይደብቁ። ኋላ ላይ ሆስፒታል ሲገቡ መዝገብ ተገልብጦ ይታያል፣ ውሉም ሊፈርስ ይችላል። ቀድሞ የነበረ በሽታን የማይሸፍኑ አሉ። ዕድሜው ከገፋ ሰው ጋር አዲስ ውል የማይገቡም አሉ። ዋጋውን ብቻ አይተው አይፈርሙ።

ስፔን አንድ ዓመት በሕጋዊነት ተመዝግበው ከኖሩ በኋላ ኮንቬኒዮ እስፔሲያል የሚባል አማራጭ ይከፈታል። በየወሩ እየከፈሉ የመንግሥቱን ሕክምና መጠቀም ነው። ከ65 በታች ለሆነ ሰው በወር 60 ዩሮ፣ 65 ለሞላው 157 ዩሮ ነው መነሻው። የሐኪም ማዘዣ መድኃኒት አይጨምርም፣ መድኃኒቱን በሙሉ ዋጋ ይገዛሉ። ግን ቀድሞ በነበረ በሽታ ምክንያት አይመልሱዎትም። ስኳር ላለበት የ61 ዓመት ሰው ከግሉ ይልቅ ይህኛው ይሻላል።

ፈረንሳይ ደግሞ ሦስት ወር በቋሚነት ከኖሩ በኋላ በነዋሪነት ብቻ ወደ መንግሥቱ ሥርዓት ለመግባት ማመልከት ይቻላል። እስከዚያ የግል ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። ከገቡም በኋላ ከቤት ኪራይ ወይም ከአክሲዮን ጥሩ ገቢ ያለው ሰው መዋጮ ሊጠየቅ ይችላል።

ደረጃ 3፦ ከመነሳትዎ በፊት የሚያልቁ ነገሮች

ስቴት ፔንሽን በራሱ አይመጣም፣ መጠየቅ አለበት። ዕድሜው ሊደርስ አራት ወር ሲቀረው ማመልከት ይቻላል። ውጭ አገር ከሆኑ ጉዳዩን የሚይዘው ዓለም አቀፍ የጡረታ ማዕከል የሚባለው ክፍል ነው። የናሽናል ኢንሹራንስ መዝገብዎን ኢንተርኔት ላይ አይተው የጎደለ ዓመት ካለ አሁኑኑ ይጠይቁ።

ጂፒዎ፣ ማለትም የሰፈር ሐኪምዎ፣ ጋር ይሂዱና የሕክምና መዝገብዎን ቅጂ ይውሰዱ። የላቦራቶሪ ውጤት፣ የኤክስሬይና የኤምአርአይ ሪፖርት፣ የቀዶ ጥገና ታሪክ፣ ሁሉንም። የመድኃኒቶቹን ዝርዝር ደግሞ በንግድ ስማቸው ሳይሆን በሳይንሳዊ ስማቸው ያጽፉ። የንግድ ስም ከአገር አገር ይለያያል፣ የስፔን ፋርማሲስት ለንደን የሚያውቁትን ስም ላያውቀው ይችላል። ጂፒዎ እስከ ሦስት ወር የሚያደርስ መድኃኒት ሊያዝልዎት ይችላል። ይህን ይጠይቁ፤ አዲሱ አገር ሐኪም እስኪመደብልዎ ጊዜ ይወስዳል።

ጥርስዎንና ዓይንዎን ብሪታንያ ውስጥ እያሉ ያሳዩ። ለምን እንደሆነ በኋላ ያዩታል።

የብሪታንያ ፓስፖርት ለሌላቸውና በቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ለሚኖሩ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከብሪታንያ ውጭ በተከታታይ ከሁለት ዓመት በላይ ከቆዩ ያ ፈቃድ ይወድቃል። በአውሮፓ ኅብረት ዜጎች መርሐ ግብር የተሰጠው ቋሚ ፈቃድ አምስት ዓመት ይታገሳል። ዜግነት የመውሰድ ሐሳብ ካለዎት ከመሄድዎ በፊት ይጨርሱት። ጡረታው አይቋረጥም፣ ግን ኋላ ለመመለስ ቪዛ መለመን ከባድ ነው።

ለንደን ውስጥ ዕድር ካለዎትም ሰብሳቢውን ያናግሩ። አገር የለቀቀ አባል ይቀጥላል ወይ? አስከሬን ከማድሪድ ወደ አዲስ አበባ ለመላክ ይከፍላል ወይ? ኤስ ዋን ይህን አይሸፍንም፣ ወጪውም ቀላል አይደለም።

ደረጃ 4፦ ቅጹን መጠየቅ

ኤስ ዋን የሚሰጠው ኤንኤችኤስ ቢዝነስ ሰርቪስስ ኦቶሪቲ የተባለው መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለው የውጭ አገር ሕክምና ክፍል ነው። ከውጭ ሲደውሉ ቁጥሩ +44 191 218 1999 ነው። ሲደውሉ እጅዎ ላይ ይኑር፦ የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥር፣ ፓስፖርት ላይ እንደተጻፈ ሙሉ ስም፣ የልደት ቀን፣ አዲሱ አድራሻ፣ የሚሄዱበት ወይም የሄዱበት ቀን፣ የባለቤትዎና አብረው የሚኖሩ ጥገኛ ልጆች መረጃ።

ስም ላይ በጣም ይጠንቀቁ። የእኛ ሰው የአባትና የአያት ስሙ በየወረቀቱ እየተገለባበጠ ነው የሚኖረው። አንዱ ጋ «ተስፋዬ» የቤተሰብ ስም ነው፣ ሌላው ጋ የመካከል ስም። ፔንሽኑ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ካልገጠመ መጀመሪያ ፔንሽኑን ያስተካክሉ። ስፔን ቢሮ ውስጥ አንድ ፊደል ቢለይ «ሌላ ሰው ነው» ተብሎ መመለስ አለ።

ባለቤትዎ የጡረታ ዕድሜዋ ካልደረሰና ሥራ ከሌላት በእርስዎ ኤስ ዋን ስር በጥገኝነት ልትገባ ትችላለች። ማን ጥገኛ እንደሚባል የሚወስነው የሚኖሩበት አገር ሕግ ነው። እሷ እዚያ ሥራ ከያዘች በራሷ ትሸፈናለች። የራሷ ስቴት ፔንሽን ሲጀምር የራሷን ኤስ ዋን ትጠይቅ። በአንድ ሰው ቅጽ ተንጠልጥሎ መቅረት ጥሩ አይደለም፣ ባለ ቅጹ ሲሞት መብቱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

ደረጃ 5፦ ቅጹን ማስመዝገብ

ኤስ ዋን በመሳቢያ ውስጥ ካለ ምንም አይሠራም። ለሐኪም የሚታይ ወረቀትም አይደለም። የሚኖሩበት አገር መሥሪያ ቤት ሲመዘግበውና ለብሪታንያ ማረጋገጫ ሲልክ ነው ሽፋኑ የሚጀምረው። እስከዚያ ድረስ የግል ኢንሹራንስዎን አያቋርጡ።

ስፔን ላይ ዘርዘር ልበል፣ የብሪታንያ ጡረተኛ የሚበዛው እዚያ ነውና። ቅደም ተከተሉን ካዛቡ ከቢሮ ቢሮ ሲመላለሱ ይከርማሉ።

ቪዛ ይዘው ከገቡ በኋላ መጀመሪያ ወደ ማዘጋጃ ቤት ይሄዱና በነዋሪነት ይመዘገባሉ፣ ይህ ፓድሮን ይባላል። የኪራይ ውል ወይም የቤት ካርታ ይጠየቃሉ። ቀጥሎ በገቡ በ30 ቀን ውስጥ ፖሊስ ጋ ለመኖሪያ ካርድ ያመለክታሉ። የጣት አሻራ ይሰጣሉ፣ ካርዱ ቆይቶ ይመጣል። ሦስተኛ ወደ ማኅበራዊ ዋስትናው ቢሮ፣ ኢንስ ወደሚባለው፣ በቀጠሮ ይሄዳሉ። ቀጠሮ ሳይይዙ መሄድ ዋጋ የለውም፣ በር ላይ ይመልሱዎታል። ፓስፖርት፣ የመኖሪያ ካርድ ወይም የማመልከቻው ማስረጃ፣ የፓድሮን ወረቀትና ኤስ ዋን ይያዙ። ሁሉንም ፎቶ ኮፒ አድርገው ይሂዱ። ቢሮው የሕክምና መብት ማረጋገጫ ይሰጥዎታል። አራተኛ ያንን ማረጋገጫ ይዘው በሰፈርዎ ጤና ጣቢያ፣ ሴንትሮ ዴ ሳሉድ፣ ይመዘገባሉ። ሐኪም ይመደብልዎታል፣ የጤና ካርድም ያገኛሉ። ቫሌንሲያ ክልል፣ አሊካንቴን ጨምሮ፣ ካርዱን ሲፕ ይሉታል።

ካርዱን የሚሰጠው ክልሉ ነው እንጂ ማድሪድ ያለው መንግሥት አይደለም። ከሙርሲያ ወደ አንዳሉሲያ ቤት ከቀየሩ ካርዱም ይቀየራል። ሐኪም ጋ መታየት ነጻ ነው። ለመድኃኒት ጡረተኛ በአብዛኛው የዋጋውን 10 በመቶ ይከፍላል፣ በወርም ጣሪያ አለው። ፋርማሲው እንደ ጡረተኛ እንዲያይዎ ሥርዓቱ ውስጥ በትክክል መመዝገብዎን ያረጋግጡ፤ እንደ ሠራተኛ ከተመዘገቡ 40 ወይም 50 በመቶ ይጠየቃሉ።

ፈረንሳይ ሌላ ዓለም ነው። ኤስ ዋኑን ሴፓም ለሚባለው የአካባቢው የጤና መድን ቢሮ ይሰጣሉ። የልደት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል፣ ብዙ ጊዜም ከነትርጉሙ። ኢትዮጵያ የተወለዱ ከሆኑ ይህን አስቀድመው ያዘጋጁ፤ ከአገር ቤት ማስመጣት፣ ማስተርጎምና ማረጋገጥ ጊዜ ይበላል። በመጨረሻ ካርት ቪታል የሚባለው አረንጓዴ ካርድ ይመጣል።

ኤንኤችኤስ የለመደ ሰው ፈረንሳይ ሲገባ የሚደነግጠው ክፍያው ላይ ነው። ሰፈር ያለው ጠቅላላ ሐኪም በተለመደው ታሪፍ 30 ዩሮ ያስከፍላል። መንግሥት 70 በመቶውን፣ ማለትም 21 ዩሮ ይመልሳል፣ ከዚያ ላይ 2 ዩሮ ይቀንሳል። ስለዚህ 19 ዩሮ ባንክዎ ይገባል። ቀሪውን ለመሸፈን ፈረንሳዮቹ ራሳቸው ሙቱዌል የሚባል ተጨማሪ ኢንሹራንስ ይገዛሉ። እርስዎም ይግዙ። የአንድ ሐኪም ጉብኝት ችግር አይደለም፣ ሆስፒታል መተኛት ሲመጣ ግን የ20 በመቶ ድርሻ ትልቅ ገንዘብ ነው። አንድን ሐኪም «ሐኪሜ» ብለው ማስመዝገብዎንም አይርሱ። ካላስመዘገቡ የሚመለሰው 30 በመቶ ብቻ ይሆናል። ካንሰርን፣ ስኳርንና ከባድ የልብ በሽታን የመሳሰሉት ረጅም ሕመሞች ለዚያ ሕመም 100 በመቶ የሚሸፈኑበት አሠራር አለ። ሐኪምዎ ነው የሚያመለክትልዎት።

ፈረንሳይ ላይ ኤስ ዋን ሌላም ጥቅም አለው። ባለ ኤስ ዋን ጡረታው ላይ የሚቆረጠውን የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ አይከፍልም። የታክስ ቅጽ ሲሞሉ ተገቢውን ሣጥን ምልክት ማድረግ አለብዎት፣ ቢሮው በራሱ አያውቅልዎትም።

ፖርቱጋል መጀመሪያ ማኅበራዊ ዋስትና ቢሮ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ነው። የተጠቃሚ ቁጥር ይሰጥዎታል። አብዛኛውን የሐኪም ቤት ክፍያ በ2022 አንስታለች። ጀርመን ደግሞ ከመንግሥታዊዎቹ የጤና መድን ድርጅቶች አንዱን መርጠው እዚያ ያስመዘግባሉ፤ ወርሃዊ መዋጮ አይከፍሉም። ለመድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዩሮ፣ ሆስፒታል ሲተኙ በቀን 10 ዩሮ በዓመት እስከ 28 ቀን ይከፍላሉ። ጣሊያን በአካባቢው የጤና ቢሮ ይመዘገባሉ።

ደረጃ 6፦ የጉዞ ካርድና ወደ ብሪታንያ መመለስ

ኤስ ዋን የሚሠራው በተመዘገበበት አንድ አገር ብቻ ነው። ስፔን የሚኖሩ ሆነው ለገና ጀርመን ልጅዎ ጋ ቢሄዱና ቢታመሙ የሚያገለግለው የአውሮፓ የጤና ካርድ ነው። ወጪውን የምትሸከመው ብሪታንያ ስለሆነች ካርዱንም የሚጠይቁት ከብሪታንያ ነው። ካርዱ ነጻ ነው። ገንዘብ የሚጠይቁ ድረ ገጾች አሉ፣ እነሱን ይለፏቸው። ካርዱ ድንገተኛና አስፈላጊ ሕክምናን ብቻ ይሸፍናል፤ የግል ክሊኒክን ወይም በአምቡላንስ አውሮፕላን ወደ ቤት መመለስን አይሸፍንም።

እንግሊዝ ለጉብኝት ሲመጡ ሆስፒታል ለመታከም የተዛወሩበት ቀን ይወስናል። ከጥር 1 ቀን 2021 በፊት አውሮፓ መኖር የጀመረና የተመዘገበ የብሪታንያ ኤስ ዋን ያለው ሰው እንግሊዝ ሲመጣ ኤንኤችኤስን ያለ ክፍያ ይጠቀማል። ከዚያ በኋላ የሄደ ሰው ይህ ዋስትና የለውም። ድንገተኛ ክፍልና ጂፒ ጋ መታየት ለማንም ጎብኚ ነጻ ነው፣ አልጋ ይዞ መተኛትና ቀጠሮ ያለው ቀዶ ጥገና ግን ሌላ ነገር ነው። «የጉልበቴን ቀዶ ጥገና ለንደን ሄጄ አደርጋለሁ» ያሉ አስቀድመው ይጠይቁ። የልጅዎን አድራሻ ሰጥቶ እዚያ እንደሚኖሩ ማስመሰል አይሞከር፣ ሂሳቡ በኋላ ይመጣል።

ደረጃ 7፦ የማይሸፈነውን ማወቅ

የጥርስ ሕክምና በብዙዎቹ አገሮች ለአዋቂ ሰው እምብዛም አይሸፈንም። ስፔን ከመንቀል ያለፈ ብዙ የለም። መነጽርም እንዲሁ። የግል ሆስፒታል አይገባም፣ ቱሪስት በሚበዛበት ከተማ አምቡላንሱ ወይም የሆቴል እንግዳ ተቀባዩ ወደ ግል ሆስፒታል ሊወስድዎ ይችላል። በር ላይ «ይህ የመንግሥት ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁ። አስተርጓሚም በመብት አይቀርብም። ቋንቋው ካልሆነልዎት የሚያግዝ ሰው ከወዲሁ ያስቡ።

ጡረታ ወጥተው አዲስ አበባ መኖር ለሚያስቡ ደግሞ፦ ይህ ሁሉ እዚያ አይሠራም። ኤስ ዋን ኢትዮጵያን አያካትትም። ስቴት ፔንሽኑ ይላክልዎታል፣ ግን በየዓመቱ አይጨምርም፤ መቀበል ሲጀምሩ ወይም ሲዛወሩ በነበረበት መጠን ይቆያል። አውሮፓ ኅብረት አገር ቢኖሩ በየዓመቱ ይጨመርልዎታል። ስለዚህ ወሳኙን ዓመት የሚያሳልፉበትን አገር ሲመርጡ ይህን ሒሳብ ውስጥ ያስገቡ።

ደረጃ 8፦ ለውጥ ሲኖር

አገር ከቀየሩ፣ አድራሻ ከቀየሩ፣ ትዳር ከተለወጠ ወይም ከሌላ አገር ጡረታ ከጀመረልዎ ለሁለቱም ያሳውቁ፦ ለብሪታንያው ክፍልና ለተመዘገቡበት ቢሮ። ከስፔን ወደ ፖርቱጋል ሲዛወሩ የስፔኑ ኤስ ዋን ይሰረዛል፣ አዲስ ይወጣል።

የጡረታው መሥሪያ ቤት አልፎ አልፎ በሕይወት መኖርዎን የሚያረጋግጥ ቅጽ በፖስታ ይልካል። ምስክር አስፈርመው ቶሎ ይመልሱት። ካልመለሱ ፔንሽኑ ይታገዳል፣ ኤስ ዋኑም የቆመው በፔንሽኑ ላይ ነው። አድራሻዎን ሳያሳውቁ ቤት ከቀየሩ ፖስታው የድሮው ቤት በር ስር ይቀራል።

ጠቅልለው ወደ ብሪታንያ ከተመለሱ የመኖር መብትዎ እንደተጠበቀ ሆኖ መደበኛ ነዋሪ ነዎት፣ ኤንኤችኤስም ያን ጊዜ ይጀምራል፤ የመጠበቂያ ወራት የለም። የኪራይ ውል፣ የካውንስል ታክስ ደብዳቤ፣ ስፔን የሸጡት ቤት ወረቀት ይያዙ። ጂፒ ይመዝገቡ፣ ኤስ ዋኑ እንዲሰረዝ ይደውሉ፣ የስፔኑን ጤና ጣቢያም ከመሄድዎ በፊት ያሳውቁ። እዚያ የተጻፈውን የሕክምና መዝገብዎንም ቅጂ ይዘው ይምጡ።